ሁለተኛው ራውተር፡ ምን ይከፍታል? ምንስ አይከፍትም?

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ጎራ ብዬ ነበር። የፈለግሁት ለቤት የሚሆን ሁለተኛ ራውተር ነው። ባለሱቁ ሁለት አንቴና ያላት ጥቁር ዕቃ ከመደርደሪያው አወረደና ዋጋዋን ከመናገሩ በፊት ጥቅሟን ነገረኝ። «ወንድሜ፣ ይህችን ከገዛህ ኔት ቢዘጋም አንተ ዘንድ አይዘጋም። ቪፒኤን ትችላለች» አለኝ። አጠገቤ ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንድ አዛውንት «እንግዲያው ለእኔም አንድ አውርድልኝ» አሉ። ልጃቸው ከቤት ሆና ለውጭ ድርጅት በኢንተርኔት የሂሳብ ሥራ ትሠራለች። መስመሩ ሲቋረጥ የምትሠራው ሥራም፣ የሚመጣው ገንዘብም አብሮ ይቋረጣል።

የባለሱቁ ንግግር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ነበር። ችግሩ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው በስህተቱ ግማሽ ተማርኮ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የገበያ ገጻችን ሁለተኛ ራውተር ምን እንደሆነ፣ ቪፒኤን እንዴት እንደሚጫንበት፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣና ከሁሉም በላይ የማይሠራው የት ላይ እንደሆነ እናያለን።

ቪፒኤን ምንድን ነው?

ነገሩን በፖስታ ብንመስለው ይቀላል። በተለመደው መንገድ ኢንተርኔት ስንጠቀም ደብዳቤያችንን የምንሰጠው ለፖስታ ቤቱ፣ ማለትም ለቴሌኮም ድርጅቱ ነው። ፖስታ ቤቱ በፖስታው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ያያል። «ወደዚህ አድራሻ የሚሄድ ደብዳቤ አይለፍ» የሚል ትዕዛዝ ካለ ለይቶ ያስቀረዋል።

ቪፒኤን ስንጠቀም ግን ያንን ደብዳቤ በሌላ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ከተን፣ አድራሻውን ለምሳሌ ጀርመን ወይም ኬንያ ላለ ወዳጅ እናደርገዋለን። ወዳጁ የላዩን ፖስታ ቀድዶ የውስጡን ወደ ባለቤቱ ይልክልናል፤ መልሱንም እንዲሁ አሽጎ ይመልስልናል። ፖስታ ቤቱ የሚያየው ለዚያ ወዳጅ መጻፋችንን፣ መቼና ምን ያህል እንደጻፍን ብቻ ነው። ያ ወዳጅ ሰርቨር ይባላል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቀድሞ ፖስታ ቤቱ ያየው የነበረውን አሁን ወዳጁ ያየዋል። እምነታችንን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወርነው እንጂ ማመን አልቀረልንም። ሁለተኛ፣ ፖስታ ቤቱ ራሱ በሩን ከዘጋ የታሸገውም ያልታሸገውም ደብዳቤ አይሄድም። የባለሱቁ ስህተት ይህቺ ላይ ናት።

የ2015 ዓ.ም. ሁለት ትምህርቶች

ይህን ልዩነት ጎንደር በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ተምራዋለች። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተፈጠረው ውዝግብ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገደቡ። ገደቡ እስከ ሐምሌ ቆየ። በእነዚያ ወራት መስመሩ ክፍት ነበር፤ የተዘጉት አድራሻዎች ነበሩ። ስለዚህ ቪፒኤን ላለው ሰው ሠርቶለታል። በየስልኩ ላይ የቪፒኤን አፕ የበዛው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ብዙ አልዘገየም። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የአማራ ክልልን የሚመለከት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። በዚህ ጊዜ የተዘጋው አድራሻ ሳይሆን መንገዱ ነበር። በየካቲት የሠራው ያው አፕ በነሐሴ ከስልክ ማስጌጫነት አላለፈም።

እንግዲህ ገዢው ዕቃ ከማንሳቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። የእኔ ችግር የአድራሻ ነው ወይስ የመንገድ? ለአድራሻ ችግር ቪፒኤን መድኃኒት ነው። ለመንገድ ችግር መድኃኒቱ ሌላ መንገድ ነው። የሞባይል ዳታና በገመድ የሚገባው ኢንተርኔት የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ የአንዱ መዘጋት በራሱ ሌላውን አይዘጋም።

ለምን ሁለተኛ ራውተር?

«ቪፒኤን በስልኬ ላይ አለ፤ ለምን ሌላ ዕቃ እገዛለሁ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስልክና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ላለው ሰው በእርግጥ አያስፈልገውም። ገንዘቡን ይያዝ። ሁለተኛ ራውተር የሚጠቅመው የሚከተሉት ምክንያቶች ሲኖሩ ነው።

አንደኛ፣ በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ዕቃዎች ሲኖሩ። ቴሌቪዥን፣ ካሜራና አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተር የቪፒኤን አፕ አይጫንባቸውም። ራውተሩ ላይ አንዴ ከተጫነ ግን በእሱ በኩል የሚያልፈው ሁሉ ይሸፈናል።

ሁለተኛ፣ ከቴሌኮም ድርጅቱ የሚሰጠው የመጀመሪያው ራውተር ብዙውን ጊዜ ቪፒኤን የመደወል ችሎታ የለውም፤ ቅንብሩም በከፊል የተቆለፈ ነው። እሱን መነካካት ትርፉ አገልግሎት ሲቋረጥ ከቴክኒሻን ጋር መጨቃጨቅ ነው። ሁለተኛው ራውተር ቢበላሽ ግን የመጀመሪያው ሥራውን ይቀጥላል፤ ቤተሰቡም አያጉረመርምም።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ሰው ዋነኛው ነው። ቪፒኤን ሲከፈት ለሌላው ዓለም የምንታየው ሰርቨሩ ባለበት አገር እንዳለን ሆነን ነው። የባንክ አፕ፣ ቴሌብርና የአገር ውስጥ የመንግሥት ድረ ገጾች «ይህ ሰው በድንገት ፍራንክፈርት ምን ያደርጋል?» ብለው ሊጠራጠሩና ሊያግዱን ይችላሉ። ሁለት ራውተር ካለ ሁለት የዋይ-ፋይ ስም ይኖራል። አንዱን «ቤት»፣ ሁለተኛውን «ሥራ» ብንለው፣ ቴሌብር ስንከፍል ወደ «ቤት»፣ የውጭ ደንበኛ ሥራ ስንሠራ ወደ «ሥራ» እንገባለን። አፕ መክፈትና መዝጋት አያስፈልግም።

ዕቃውን ሲመርጡ

እዚህ ላይ የራሴን ኪሳራ ልናገር። ከአንድ ዓመት በፊት የገዛኋት ራውተር ከሁሉም ርካሽ ነበረች። ቤት ወስጄ ቪፒኤን ለመጫን ስሞክር የማስታወሻ አቅሟ አልበቃም። ፍላሿ 4 ሜጋባይት፣ ራሟ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ሻጩ ዋሽቶኝ አይደለም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ እሱም አያውቅም። ስለዚህ የሚከተሉትን ጠይቆ መግዛት ከሁለተኛ ግዢ ያድናል።

ራውተሩ «የቪፒኤን ክላይንት» አለው? በካርቶኑ ላይ «ቪፒኤን ፓስስሩ» ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ ዕቃ የደወለውን ቪፒኤን አሳልፋለሁ ማለቱ እንጂ ራሴ እደውላለሁ ማለቱ አይደለም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ክላይንት ከሌለው እንደ ኦፕን-ደብሊውአርቲ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ይቀበላል? ኦፕን-ደብሊውአርቲ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተና ማንም ሰው ሳይከፍል ሊጭነው የሚችል የራውተር ሶፍትዌር ነው። ለዚህ ሲባል ፍላሹ ቢያንስ 16፣ ራሙ ቢያንስ 128 ሜጋባይት ቢሆን ይመከራል። ሞዴሉ ብቻ አይበቃም። አንድ ሞዴል በተለያየ ጊዜ የተለያየ ዕቃ ይዞ ስለሚወጣ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የቨርሽን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። በዚህ መጨነቅ ለማይፈልግ ሰው እንደ ጂኤል-አይኔት ያሉ ሶፍትዌሩ ተጭኖባቸው የሚመጡ ትንንሽ ራውተሮች አሉ።

ፕሮሰሰሩስ? ቪፒኤን እያንዳንዷን መልእክት በምስጢር መቆለፍና መክፈት ስለሚጠይቅ ሥራው የፕሮሰሰር ነው። ሁለት የታወቁ ዓይነቶች አሉ። ኦፕን-ቪፒኤን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ የተፈተነ ነባር ነው፤ ግን ለርካሽ ራውተር ከባድ ሸክም ነው። ዋየርጋርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባ አዲስና ቀላል ነው፤ በዚያው ራውተር ላይ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ፒፒቲፒ የሚባለው የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓይነት ግን ምስጢሩ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሻጭ «ይህም አለው» ቢል እንደ ጥቅም አይቁጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ የኢኮኖሚክስ ምክር እንጨምር። የቤትዎ መስመር በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ 500 ሜጋቢት የሚችል ራውተር መግዛት ለአንድ በሬ የአሥር በሬ ቀንበር መግዛት ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ ደካማው ነው።

አገጣጠሙ ደረጃ በደረጃ

1. የቪፒኤኑን ቅንብር አስቀድመው ይያዙ። የቪፒኤን ድርጅቱ ወይም ሰርቨሩን ያዘጋጀልዎት ሰው አጭር የጽሑፍ ፋይል ይሰጥዎታል። በዋየርጋርድ ፋይሉ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የእርስዎ የግል ቁልፍና የውስጥ አድራሻ፣ ሌላው የሰርቨሩ የአደባባይ ቁልፍ፣ አድራሻና በር ነው። የግል ቁልፉን በቴሌግራም ለወዳጅ አይላኩ። ቁልፉን ያገኘ ሰው እርስዎን ሆኖ ይገባል።

2. ኬብሉን ያገናኙ። አንዱን ጫፍ ከመጀመሪያው ራውተር «ላን» ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ፣ ሌላውን ጫፍ ከሁለተኛው ራውተር «ዋን» በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። ላን ከላን ጋር ከተሰካ ነገሩ አይሠራም።

3. አድራሻ እንዳይጋጭ ያድርጉ። ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.1 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ነው። ሁለቱም ያንኑ ከያዙ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት አንድ ቁጥር እንደ መስጠት ነው። ኮምፒውተርዎን ከሁለተኛው ራውተር ጋር አገናኝተው በብራውዘር ወደ ቅንብሩ ይግቡና የእሱን ወደ 192.168.50.1 ይለውጡት። የዋን ቅንብሩን «አውቶማቲክ» ወይም ዲኤችሲፒ በሚለው ላይ ይተዉት።

4. የመግቢያውን የይለፍ ቃል ይለውጡ። ከፋብሪካ የመጣውን «አድሚን» የሚለውን ማንም ያውቀዋል። ለዋይ-ፋዩ አዲስ ስምና ረጅም የይለፍ ቃል ይስጡ፤ ጥበቃውም ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን። ሁለቱ ራውተሮች እንዳይረባበሹ በተለያየ ቻናል ላይ ያድርጓቸው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው መስጠት ነው። ቢቻል ጎን ለጎን አይቀመጡ።

5. ቅንብሩን ያስገቡ። የቪፒኤን ክላይንት በሚለው ገጽ ፋይሉን ይጫኑ ወይም መስመር በመስመር ይገልብጡ። ሁሉም ነገር በቪፒኤን እንዲያልፍ ከተፈለገ የተፈቀዱ አድራሻዎች በሚለው ቦታ 0.0.0.0/0 ይጻፋል።

6. የስም ጥያቄው እንዳያፈተልክ ያድርጉ። ኮምፒውተር አንድ ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ይጠይቃል። ጥያቄው በቪፒኤኑ ውስጥ ካላለፈ ፖስታውን አሽገን አድራሻውን ጮክ ብለን እንደ መናገር ነው። ስለዚህ የዲኤንኤሱ ቦታ ቪፒኤኑ የሰጠው ይግባበት።

7. መቁረጫውን ያብሩ። ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ራውተሩ ዝም ብሎ በተራው መንገድ እንዳይቀጥል የሚያደርግ «ኪል ስዊች» የሚባል ምርጫ አለ። በኦፕን-ደብሊውአርቲ ደግሞ ከላን ወደ ዋን ማለፍን ከልክሎ ወደ ቪፒኤን ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል።

8. ሰዓቱን ያስተካክሉ። ይህ ጎንደር ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነጥብ ነው። አብዛኛው ራውተር የሰዓት ባትሪ የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኦፕን-ቪፒኤን የሰርተፊኬት ቀን ሲያይ «ይህ ገና አልወጣም» ብሎ ይመልሳል። ዋየርጋርድም ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ ሰው የመጣ ጥያቄ አይቀበልም። መፍትሔው ኤንቲፒ የሚባለውን የሰዓት ማስተካከያ ማብራትና ሰዓት መጠየቁ ብቻ ከቪፒኤኑ ውጭ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው።

9. ይፈትኑ። በ«ቤት» ዋይ-ፋይ ገብተው አድራሻዎን የሚያሳይ ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ ኢትዮጵያን ያሳያል። በ«ሥራ» ገብተው ይድገሙት፤ የሰርቨሩን አገር ማሳየት አለበት። ከዚያ ቪፒኤኑን አጥፍተው በ«ሥራ» ድረ ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ። ከተከፈተ መቁረጫው አልሠራም ማለት ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ግማሹ ተከፍቶ የሚቆም ከሆነ ኤምቲዩ የሚባለውን ከ1420 ወደ 1380፣ ካልሆነም ወደ 1280 ዝቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ደጋ ለሚኖሩ

ከጎንደር ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን ደባርቅ ስንደርስ የገበያው መልክ ይለወጣል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ እንደመሆኗ የእንግዳ ማረፊያውና የአስጎብኚው ሥራ በኢሜይልና በቦታ ማስያዣ ድረ ገጽ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በገመድ የሚመጣ መስመር የሌለው ግን ሲም ካርድ በሚቀበል ራውተር ይሠራል። ይህም ቢሆን አገጣጠሙን አይለውጠውም። ሲም ያለው ራውተር የመጀመሪያው ሆኖ የቴሌኮሙ ምሰሶ በሚታይበት መስኮት ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው በኬብል ከእሱ ይቀጥልና ወደ መሃል ቤት ይገባል።

ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እንግዳው የሚገባበትን ዋይ-ፋይና የሂሳብ መዝገቡ ያለበትን ኮምፒውተር አንድ ላይ አያድርጉ። «ቤት» የተባለው ለእንግዳ፣ «ሥራ» የተባለው ለቢሮ ይሁን። ቪፒኤን ባይጫንበት እንኳ ሁለተኛው ራውተር ለዚህ ብቻ ዋጋውን ይመልሳል።

ሂሳቡ

ወጪው ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚው ራውተሩ፣ ኬብሉና መብራት ሲሄድ የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ነው። አንዴ ይከፈላል። ተመላላሹ ግን የቪፒኤን ክፍያ፣ የመብራትና የዳታ ነው።

የመብራቱ ቀላል ነው። 10 ዋት የሚበላ ራውተር ቀንና ሌሊት ቢበራ በ30 ቀን 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። የዳታው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ዋየርጋርድ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ 60 ባይት ያህል የፖስታ ክብደት ይጨምራል። 1500 ባይት በሚሆን ትልቅ ጥቅል ላይ ይህ 4 በመቶ ነው። በገደብ የሚሸጥ 100 ጊጋባይት የገዛ ሰው 4 ጊጋባይት ያህሉን ለማሸጊያ ከፈለ ማለት ነው። በትንንሽ ጥቅል የሚሠሩ እንደ የድምፅ ጥሪ ያሉ አገልግሎቶች ድርሻው ከዚህም ይበልጣል።

ከባዱ የቪፒኤኑ ክፍያ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለሆነ ከብሩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በወር 5 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት ቢሆን ከ285 ብር ወደ 500 ብርና ከዚያ በላይ ዘለለ ማለት ነው። ገቢው በዶላር ለሆነ ሰው ይህ አይሰማውም። ገቢው በብር ለሆነው ግን የዓመቱ ክፍያ ከራውተሩ ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል።

ፍጥነትም ዋጋ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ በገመድ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ከ80 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ ገንዘብ ቢጨመርም አይቀንስም። ባሕር በር የሌላት አገራችን ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ስለሆነ በካርታ ላይ የሚቀርበው ሰርቨር በገመድ ላይ ሊርቅ ይችላል። የዓመት ክፍያ ከመክፈል በፊት በአንድ ወር ሁለት ሦስት አገሮችን ሞክሮ ፈጣኑን መምረጥ ነው።

የዘመድ ቤት አማራጭ

የውጭ ምንዛሪ ለሌለው የጎንደር ሰው አንድ የተሻለ መንገድ አለ። ቨርጂኒያ ወይም ሌላ ቦታ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው፣ ዘመዱ ቤት ዋየርጋርድ የሚችል ራውተር ተቀምጦ ሰርቨር ሆኖ ሊያገለግለው ይችላል። ወርሃዊ ክፍያ የለም። የሚያምኑትም ድርጅት ሳይሆን የሥጋ ዘመድ ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገር ማወቅ ያሻል። የዘመድዎ መስመር የራሱ የአደባባይ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ በሚጋራበት መስመር ላይ ከውጭ መግባት አይቻልም። እርስዎ የሚያወርዱበት ፍጥነት የዘመድዎ የመስቀያ ፍጥነት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከማውረጃው ያነሰ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ እርስዎ የሚያደርጉት ሁሉ በዘመድዎ ስም ይመዘገባል። ልጆች በዚያ ዋይ-ፋይ የሰረቁትን ፊልም ቢያወርዱ ደብዳቤ የሚደርሰው አጎታቸው ቤት ነው።

«ነፃ» ቪፒኤንስ?

በኢኮኖሚክስ ክፍል የመጀመሪያው ትምህርት ነፃ ምሳ የለም የሚለው ነው። ሰርቨር ኪራይ አለው፣ መስመር ክፍያ አለው። እርስዎ ካልከፈሉ ሌላ ሰው ከፍሏል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተባለ ድርጅት በነፃ የሚሰጠው ቪፒኤን ሰዎች የትኞቹን አፖች እንደሚጠቀሙ ለባለቤቱ መረጃ ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕል የአፕ መደብር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሆላ የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች በክፍያ ይሸጥ እንደነበር ታወቀ። ከሚከፈልባቸው ድርጅቶች አንዳንዶቹ የሚሰጡት የተገደበ ነፃ አገልግሎት ከእነዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል።

ሕጉን አንርሳ

ቪፒኤን ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን የሚያገናኙበት፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ለድርጅቶች የሚሸጠው አገልግሎት ነው። ነገር ግን የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም ዕቃ ማስገባትንና የድርጅቱን መሠረተ ልማት አልፎ አገልግሎት መስጠትን በብርቱ ይቀጣል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ወደ አገር የሚገቡ መሣሪያዎችን ዓይነት የሚያጸድቅ አካል ነው።

ስለዚህ ከውጭ ዘመድ ያመጣውን ራውተር ሳይሆን የተፈቀደውን ዓይነት በደረሰኝ መግዛት ይሻላል። መስመሩንም ለራስና ለቤተሰብ እንጂ ለጎረቤት በክፍያ አያከፋፍሉ። በአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ የወጣውን መመሪያ አንብቦ መንቀሳቀስ የራስ ኃላፊነት ነው።

ወደ ሱቁ ስንመለስ

አዛውንቱን «አባቴ፣ ትንሽ ይቆዩ፤ ልጅዎ የምትሠራው በምንድን ነው? በገመድ ነው በሞባይል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በስልኳ ዳታ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ታጋራዋለች» አሉኝ። የምትሠራበት ድረ ገጽ ተዘግቶባት ያውቅ እንደሆነም ጠየቅሁ። አላወቁም፤ ስልክ ደውለው አነጋገሩኝ። ልጅቷ እንዳለችው ድረ ገጹ ከአንድም ቀን ተዘግቶባት አያውቅም። ያስቸገራት የዳታው መቋረጥና የመብራቱ መሄድ ነው። እንግዲህ የእሷ ችግር የመንገድ እንጂ የአድራሻ አልነበረም።

ባለሱቁ ፊቱን አጠቆረ። አዛውንቱ ግን «ታዲያ ልጄ፣ ይህ ገንዘብ በምን ይዋል?» አሉኝ። የነገርኋቸውን ለአንባቢም እደግመዋለሁ። ኑሮው በኢንተርኔት ላይ ለቆመ ሰው የወጪው ተራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ መንገድ፣ ማለትም ሞባይል ላለው የገመድ መስመር፣ የገመድ መስመር ላለው ደግሞ የሌላ ድርጅት ሲም ይጨመራል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ጎንደርም ከደረሰባቸው ከተሞች አንዷ ነበረችና ምርጫው አለ። ቀጥሎ ራውተሩንና ኮምፒውተሩን ለጥቂት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነው። ቪፒኤን የሚደውል ሁለተኛ ራውተር ሦስተኛ ነው፤ እሱም የአድራሻ ችግር፣ ወይም የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ላለበት።

አዛውንቱ ራውተሯን ሳይገዙ ባትሪዋን ዋጋ ጠየቁ። ባለሱቁም ፊቱ ተመለሰ፤ የሚሸጠው እሱንም ነበርና። እኔ ግን ራውተሯን ከሥሯ ገልብጬ የቨርሽን ቁጥሯን አነበብሁ፤ ራሟ 128 ነበር። ዋጋውን ተከራክሬ፣ ደረሰኝ አስቆርጬ ወሰድኋት።